የእትዬ ማሬ ጣሳ

ማንኪያ የጣሳ ጠርዝ ሲነካ በሰማሁ ቁጥር አፌ ሳላዝዘው ይከፈታል። ባለቤቴ ሻይ ሲያማስል አይቶኝ «ደግሞ ጫጩት ሆንሽ?» እያለ ይስቅብኛል። ይሳቅ፤ እኔን በሕይወት ያቆየኝ ያ ድምፅ ነው።

ቤታችን ከወረታ ወጣ ብሎ ፎገራ ሜዳ ላይ ነበር። ክረምት ሲገባ የርብ ወንዝ ሞልቶ እየወጣ ማሳውንና ጓሮውን አንድ ባሕር ያደርገው ነበር፣ እኛም ከጎረቤታችን ከእትዬ ማሬ ልጅ ከደሴ ጋር ስንቦራጨቅ እንውል ነበር። ደሴ ለእናቱ አንድ ነበር። ዋና ስለሚችል እየተመጻደቀ «አንችማ ጣሳ ውስጥም ትሰምጫለሽ» ሲለኝ፣ እኔም ጭቃ አፍሼ እወረውርበት ነበር።

በአንደኛው ክረምት ግን ጎርፉ የጉድጓዱን ውሃ በክሎት ኮሌራ ገባ። ትልልቆቹ ስሙን መጥራት ስለማይወዱ «ያ በሽታ» ይሉት ነበር። በደጉ ጊዜ ቢሆን በሽተኛውን በቃሬዛ ተሸክመው ወረታ ያደርሱት ነበር፤ ያኔ ግን አገሩ ታውኮ፣ አስፋልቱ ላይ ተኩስ እየተከፈተ፣ ሰው ከቤቱ የማይወጣበት ጊዜ ነበር። ደሴ ታመመ። «ውሃ፣ ውሃ» እያለ ሲለምን፣ እትዬ ማሬ ተቅማጥ የያዘው ሰው ውሃ ከጠጣ ይብስበታል ሲባል እየሰሙ ያደጉ ነበሩና እያለቀሱ ከለከሉት። በመንደራችን ሁሉም እናት እንደዚያ ነበር የምታደርገው። ደሴ ሞተ፤ በሽታውም ጥይቱም ስላስፈራ ለቀስተኛ እንኳ ብዙ አልመጣም።

ሳምንት ሳይሞላ፣ መንገድ ተዘግቶባት ከሐሙሲት ወደ ይፋግ በእግሯ የምታቋርጥ አንዲት የጤና ሠራተኛ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ለብሳ መንደራችን ደረሰች። ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አጠገብ ሰው ሰብስባ «ውሃ አትከልክሉ! የሚገድለው የውሃ ማለቅ ነው። ሩዝ አቅጥናችሁ ቀቅሉና ትንሽ ጨው ጨምሩበት፤ ቢያስመልሰውም በማንኪያ በማንኪያ አጠጡት» ብላ መንገዷን ቀጠለች። እትዬ ማሬ ጥቁር ለብሰው ከኋላ ተቀምጠው ይሰሙ ነበር።

ቀጥሎ እኔ ታመምሁ። አባቴ ወረታ ሊያደርሰኝ አዝሎኝ ቢወጣ ተኩሱ መለሰው። እናቴ የሴትዮዋን ምክር ብትሰማም፣ ያጠጣችኝ ሁሉ ተመልሶ ሲወጣ ስታይ ፈርታ ጣሳውን ደበቀችው። ጎረቤቱ ሁሉ በሩን ዘግቶ ሳለ እትዬ ማሬ የሩዝ ውሃ በማሰሮ ይዘው ገቡ።

«ይተዉ እትዬ ማሬ፣ ልጄን ይጨርሱብኛል!» አለች እናቴ።

«እኔ የከለከልሁትን ቀበርሁት። ጣሳውን አምጭ!»

እናቴ አመጣች። እትዬ ማሬ ቀኑን ሙሉ በማንኪያ እየቀዱ፣ ዓይኔ ክድን ሲል የጣሳውን ጠርዝ ኳ ኳ እያደረጉ፣ «ጠጭ የኔ ልጅ፣ ደግሞ አንዲት» እያሉ ያጠጡኝ ነበር። ሲያስመልሰኝ ጠርገውኝ እንደገና ይጀምሩ ነበር። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ደርቆ የዋለው ሽንቴ መጣ፣ እናቴም እልልታዋን አቀለጠችው። ለሽንት እልል ሲባል የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

መስከረም ሲጠባ ውሃው ሸሸ፣ መንገዱም ተከፈተ። ኅዳር ላይ አዲሱ ሩዝ ሲደርስ አባቴ የራሳችን ቤት ሳይቀምሰው መጀመሪያ ለእትዬ ማሬ አሸከመኝ፤ ከዚያ ወዲህ አንድም ዓመት አላስታጎልሁም።

ዛሬ ወረታ የምኖር የልጆች እናት ነኝ። ኦአርኤስ የሚሉት የሕይወት አድን ዱቄት በየመድኃኒት ቤቱ አለ፣ ልጆቼም ታመው ውሃ ሲለምኑ ከልካይ የለባቸውም። መንገዱ ግን ዛሬም አንዳንዴ ይዘጋል፤ ስለዚህ ሩዝና ጨው ከቤቴ አይጠፋም። እትዬ ማሬ አርጅተዋል። ባለፈው ኅዳር ሩዙን ወስጄላቸው ተቀምጠን ሳለን፣

«አንች ተምረሻል» አሉኝ፤ «ውሃውን ብሰጠው ኖሮ ደሴ ይተርፍ ነበር?»

መልሱን አውቀዋለሁ። እሳቸውም የሚያውቁት ይመስለኛል፤ ባያውቁትማ ያን ቀን በራችንን ባልገፉ ነበር። እጃቸውን ያዝሁና «እኔን አትርፈውኛል፣ እትዬ» አልኋቸው።

እትዬ ማሬ አጠገባቸው ያለውን ጣሳ አንሥተው ጠርዙን በጥፍራቸው ኳ አደረጉት። አፌ ሳላዝዘው ተከፈተ፣ እሳቸውም እንባቸውን እየጠረጉ ሳቁ።