ለሶሬቲ የታዩ ከተሞች

ሚልኬሳ ፉፋ ተወልዶ ያደገው ከየካ ሚካኤል በላይ፣ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ወደ ሰፈር በሚወርድበት ጥግ ነው። አባቱ ገበሬ ነበሩ። ማሳቸው ቤት ሲሠራበት ያንኑ አካባቢ በጥበቃነት ሲያገለግሉ ኖረው ሞቱ። እሱ ከልጅነቱ ጀምሮ የተበላሸ ነገር መፍታት ይወድ ስለነበር የሆስፒታል ማሽን ጠጋኝ ሆነ። ራጅ ወይም ሲቲ ስካን ሲቆም የሚጠራው እሱ ነው። ንግግር አያበዛም። «ተሠራ» ካለ ተሠራ ነው፤ «እናያለን» ካለ መለዋወጫ የለም ማለት ነው።

ሚስቱ ሶሬቲ ደግሞ ወሬ አያልቅባትም። ኮተቤ መምህርነት ተምራ፣ እዚያው ኮተቤ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጂኦግራፊ አስተማረች። በየዓመቱ ተማሪዎቿን እንጦጦ አናት ላይ ታወጣና በጀሪካን ያስያዘቻቸውን ውሃ መሬት ላይ ታፈሳለች። «በዚህ በኩል የወረደው ዓባይ ይገባል፤ በዚያ በኩል የወረደው አዋሽ። እዚህ ላይ የቆመ ሰው ሳያውቀው ሁለት አገር ያጠጣል» ትላቸዋለች። ከኢትዮጵያ ወጥታ አታውቅም፤ የአውሮፓን ወንዞች ግን መታጠፊያቸውን ሳይቀር በጣቷ አየር ላይ ትስላቸው ነበር።

ዓይኗን ያመማት በአርባ አንድ ዓመቷ ነው። የዓይን ግፊት መሆኑ ሲታወቅ ጊዜው አልፎ ነበር። ቀኙ ጠፋ። ግራው ከዳር ወደ መሐል እየጠበበ ሄደ። «በቁልፍ ቀዳዳ እንደ ማየት ነው» ትል ነበር። ሐኪሟ ጠብታውን ሳታቋርጥ ከተጠቀመች ዓመታት ሊቆይላት እንደሚችል፣ ሊፈጥንባትም እንደሚችል ነገሯት።

ባለፈው ጥቅምት ሚልኬሳ ለሦስት ሳምንት ስልጠና ጀርመን እንዲሄድ ተመረጠ። አዲስ ለመጣው ማሽን ነው። ደብዳቤውን ይዞ ገባና ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«አልሄድም» አላት።

«ለምን?»

«አንቺን ጥዬ?»

«እናትህ አሉ፤ ጎረቤት አለ። ቦታው የት ነው?»

«ኑረንበርግ ከሚባል ከተማ አጠገብ።»

ሶሬቲ ተነስታ ካርታዋን ዘረጋች፤ ግራ ዓይኗን ወረቀቱ ላይ ልታስነካው ምንም አልቀራት። «ሂድና እይልኝ» አለችው። «ትልልቁን ከተማ ሁሉም ያየዋል፣ ቴሌቪዥንም ያሳያል። አንተ ትንንሾቹን እይልኝ። የድሮዎቹን፣ ወንዝ ዳር ያሉትን። በየሳምንቱ መጨረሻ አንድ። ፎቶ ትልክልኛለህ።»

እናቱ ወይዘሮ ሎሚ በአንድ ግቢ ውስጥ ነው የሚኖሩት። ሶሬቲን እንደ ልጃቸው ያያሉ፤ እሷም በኦሮምኛ «አዬ»፣ እናቴ፣ ነው የምትላቸው። ጠብታዋን በሰዓቱ ሊያስታውሷት ቃል ገቡለት። ሚልኬሳ ሄደ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ባቡር ተሳፍሮ ባምበርግ ወረደ። ማዘጋጃ ቤቱ ወንዝ መሐል፣ ድልድይ ላይ ተሠርቷል። የቤቶቹ ግድግዳ እንጨትና ጭቃ ነው፤ መጀመሪያ ሲያየው የአያቱን ቤት መሰለው፤ ይህኛው ግን ከነቀለሙ አራትና አምስት መቶ ዓመት ቆሟል። ፎቶ አንስቶ ላከና ደወለላት።

«ወንዙ ወዴት ነው የሚሄደው?» አለችው።

«እንጃ። ወደ ታች።»

«ሁሉም ወንዝ ወደ ታች ነው የሚሄደው፣ ሚልኬ!» ከልቧ ሳቀች። «ወደ ሰሜን ነው። ማይን ይገባል፤ ማይን ደግሞ ራይን ይገባል። እስቲ ዞር ብለህ አረጋግጥልኝ።»

ፀሐይዋን አይቶ አረጋገጠላት። ልክ ነበረች።

በሁለተኛው ቅዳሜ ሮተንቡርግ ሄደ። ከተማዋ ዙሪያዋን በግንብ የታጠረች ናት፤ ግንቡ ላይ ጣራ ያለው የእንጨት መተላለፊያ አለ፤ በዚያ ዙሪያዋን መሄድ ይቻላል። ከላይ ሆኖ የሰው ጓሮ አየ፤ የተሰጣ ልብስ፣ ዱባ፣ የተኛ ድመት። እንዲህ ያለ ቦታ ሰው ይኖራል ብሎ አስቦ አያውቅም ነበር። ያለ እሱ ፈቃድ ደስ አለው። አሥር ፎቶ ላከ።

«ማማዎቹ እንዴት ያምራሉ!» አለችው ስትደውል። «የመጨረሻዋ ፎቶ ግን ትበልጣለች። ጣሪያዎቹ ቀይ ሆነው፣ እንዲያ ተጠጋግተው።»

ማታ አንድ ሰዓት ገደማ ባቡር ውስጥ ሆኖ የላካቸውን መልሶ ሲያይ የመጨረሻዋ ላይ ቆመ። ከተማ አልነበረችም። ተከፍቶ የሚታይ የማሽን ሆድ ነበር፤ አዲስ አበባ ለሚገኘው የሥራ ባልደረባው ለጋሮማ ሊልክ ያነሳው። በስህተት ሶሬቲ ጋ ሄዷል። ሦስት ጊዜ አየው። ከዚያ ወደ እናቱ ደወለ።

«እማዬ፣ ሶሬ ዓይኗ እንዴት ነው?»

ወይዘሮ ሎሚ ነገር ሲከብዳቸው ወደ ኦሮምኛ ይሸሻሉ፤ አሁንም በኦሮምኛ ጀምረው በአማርኛ ጨረሱት። «ልጄ፣ ቃል አስገባችኝ እኮ። ያለፈው ማክሰኞ ጠዋት ተነስታ ‹አዬ፣ መብራት ጠፍቷል እንዴ?› አለችኝ። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ አልጋው ላይ ነበረች።»

«ሐኪም ጋስ?»

«በዚያው ቀን ወሰድናት። አይመለስም አሉ።»

«ፎቶውንስ?»

«ስልኩ ይጮህላታል። ቀድመህ የከተማውን ስም ትነግራት የለ? የቀረውን ከራሷ ነው የምታወራው።»

ከባቡሩ እንደወረደ፣ ጣቢያው ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ሶሬቲ ጋ ደወለ።

«ሶሬ፣ የመጨረሻዋ ፎቶ የማሽን ሆድ ነበረች።»

«ቀይ የለበትም?» አለች።

«ቀይ ሽቦ አለበት።»

ልትስቅ ጀምራ አለቀሰች። እሱም አለቀሰ፤ ሰው እያለፈ ያየው ነበር።

«ለምን ደበቅሽኝ?»

«ብነግርህ ትመጣለህ።»

«እመጣ ነበራ!»

«መጥተህ ምን ትሆናለህ? ተቀምጠህ እኔን ታያለህ፤ እኔ አላይህም። ቢያንስ አንዳችን እንይ ብዬ ነው። ደግሞ ስልጠናውን ሳትጨርስ ብትመጣ ያ ማሽን ተገትሮ ሊቀር ነው። በሩ ላይ የሚሰለፈውን ሰው አንተ ታውቀዋለህ፣ ሚልኬ። ጨርስና ና።»

አንድ ሳምንት ቀርቶት ነበር። ቆየ። ለእሷ ብሎ ይቆይ፣ ለሥራው ብሎ ይቆይ፣ ወይስ እነዚያን ከተሞች መውደድ ስለ ጀመረ ይቆይ፣ እስከ ዛሬ ለራሱ ሊመልሰው አልቻለም።

ሦስተኛውን ከተማ የመረጠችው እሷ ነበረች፤ ቫይሰንቡርግ። በዚያ አካባቢ ልክ እንደ እንጦጦ ውሃ የሚከፈልበት ቦታ አለ፤ ግማሹ ወደ ራይን፣ ግማሹ ወደ ዳኑብ። ሚልኬሳ ካሜራውን አልነካም። ከሠልጣኞቹ አንዱ የሰጠውን ካርታ ይዞ ከከተማው ወጥቶ ከሄደ በኋላ ደወለላት፤ ያየውን ሁሉ በቃል ሊነግራት።

«ተራራ የለም፣ ሶሬ። ሜዳ ነው። ላም ሳታውቀው ታልፈዋለች።»

«በስተግራህ ምን አለ?»

«ሣር። ቦይ የመሰለ። ውሃው... የቆመ ነው።»

«ከተማውስ?»

«በር አለው። የድንጋይ በር። ከላዩ ቤት አለ፤ መስኮት አለ፤ መስኮቱ ላይ አበባ...» ድንጋዩ ምን እንደሚመስል ሊነግራት ሲሞክር፣ ምን ዓይነት ግራጫ እንደሆነ ሲፈልግ፣ አቋረጠችው።

«ይበቃኛል ሚልኬ። ዛሬ አልቻልኩም።»

ስልኩ ተዘጋ። ወደ ከተማው ተመልሶ አደባባዩ ላይ ዳቦ ገዝቶ ያዘ፤ ሳይቀምሰው ባቡሩ ደረሰ።

የተመለሰ ቀን ታክሲው ላምበረት መናኸሪያ ጋ በመኪና መጨናነቅ ቆመ። ወደ ሰሜን የሚሄዱት አውቶብሶች ጣሪያቸው ላይ ፍራሽና ጀሪካን እየተጫነ ነበር። ሚልኬሳ ከታክሲው ወርዶ ሻንጣውን ተሸክሞ የቀረውን መንገድ በእግሩ ወጣ። ሶሬቲ የግቢው በር ላይ ቆማ ነበር። እጇን ዘርግታ ጆሮውን፣ አገጩን፣ አንገቱን ዳሰሰችና፣ «ከሳህ» አለችው።

ከዚያ በኋላ እስከ መንፈቅ ዓመቱ መጨረሻ ለማስተማር ሞከረች። ካርታው ሁሉ በራሷ ውስጥ ስላለ ትምህርቱ አልከበዳትም። የከበዳት ልጆቹ ነበሩ፤ የኋላ ወንበር ላይ ያሉት እየተነሱ ይወጣሉ፤ ዳናቸውን ትሰማለች። በየካቲት ርዕሰ መምህሩ አክብረው ጠርተው አነጋገሯት፤ እሷም አክብራ ተሰናበተች። አሁን ቤት ናት። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ትዘምራለች፤ የጎረቤት ልጆች ፈተና ሲደርስባቸው ይመጣሉ። ማሽኑ ተተክሏል፤ ይሠራል። ሆስፒታሉ ለሚልኬሳ የምስጋና ወረቀት ሰጠው፤ በሻይ ሰዓት «እስቲ ስለ ጀርመን አውራን» ሲሉት፣ «ብርድ ነው» ብሎ ያልፋል።

ለማንም ያልነገረው ግን አንድ ነገር አለ። የባምበርግ ዕለት አንድ መንገደኛ ድልድዩ ላይ ፎቶ አንስቶት ነበር፤ ለሶሬቲ ልኮላት ስልኩን ዓይኗ ሥር አድርጋ ፈለገችው። «እዚህ ላይ ዓይንህን ጨፍነሃል፤ ፊትህ በደንብ የሚታይ ሌላ ላክልኝ» አለችው። «ነገ» አላት። እሑድ ዘነበ። ሰኞ ስልጠናው ረዘመ፤ ረሳው። ማክሰኞ ጠዋት ፀሐይዋ አልጋው ላይ ነበረች።

ሶሬቲ ስለዚህ ነገር አንድም ቀን አንስታ አታውቅም። ረስታው ይሁን፣ ትታው ይሁን፣ ሊጠይቃት አልደፈረም። አንዳንድ ቀን ከሥራ ሲገባ «ሸበትክ እንዴ?» ትለዋለች። «ትንሽ» ይላታል። ከዚያ አጠገቧ ይቀመጥና ሁለቱም ሬዲዮ ያዳምጣሉ።