የማዕረግ ባለ አምስት ደረጃ ኢንቨርተር

ማዕረግ በሕይወቱ አጥፍቶ አያውቅም። በትውልድ ከተማው ዋጫ ልጅ ሳለ የአባቱን ሬዲዮ ፈታትቶ መልሶ ሲገጥመው ድምፁ ጠፋ፤ "ባትሪው ነው" አለ። ቦንጋ መጥቶ ሲማር ፊዚክስ ወደቀ፤ መምህሩ ጠልቶት ነው። ካገባ በኋላ እንኳ ስልኩን ባጃጅ ውስጥ ጥሎ የመጣ ቀን፣ ሚስቱ በዛወርቅ "የት ጣልከው?" ስትለው ኪሱን አሳጥሮ የሰፋውን ልብስ ሰፊ ሲረግም አመሸ።

ዛሬ ቦንጋ ውስጥ በአንድ ኮሌጅ ኤሌክትሪካል ምህንድስና ያስተምራል። አምና በሺሺንዳ ዙሪያ የመብራት መስመር ላልደረሳቸው ጤና ኬላዎች የሚሆን ኢንቨርተር፣ ማለትም የሶላር ኤሌክትሪክን ለቤት ዕቃ ወደሚሆነው የሚለውጥ መሣሪያ፣ ነድፌያለሁ ብሎ አስወራ። ያውም ባለ አምስት ደረጃ! የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ሣህሌም ወሬውን አምነው ከዞን እንግዶች ለሴሚናር ጠሩለት።

መሣሪያው ገና አልተሠራም፤ ያለው ኮምፒውተር ላይ ነው። ማዕረግ ሰርኪዩቱን ሥራውን አስመስሎ በሚያሳይ የሲሙሌሽን ሶፍትዌር ሥሎ ሲያስነሳው፣ በትንንሽ እርከን እንደ መሰላል ወጥቶ መውረድ የነበረበት ቮልቴጅ አንዴ ዘሎ ይወጣል፣ አንዴ ዘሎ ይወርዳል። ዜሮን ጨምሮ ሦስት ደረጃ ብቻ።

"ሶፍትዌሩ ነው" አለ። አጥፍቶ እንደገና ጫነው፤ ሦስት። ጥፋቱን ወደ ላፕቶፑ አዞረና አብራው የምታስተምረዋን የፀዲን ላፕቶፕ ተዋሰ፤ አሁንም ሦስት።

"ሥዕሉን ልየው?" አለችው ፀዲ።

"ሥዕሉማ ምንም አልሆነ፤ እኔ ነኝ የሣልኩት" አላት።

ቀጥሎ ኮምፒውተሩ ሥራውን ይበልጥ አድቅቆ እንዲያሰላ አዘዘው። ላፕቶፑ እያቃሰተ ረፋዱን ሙሉ ሲያሰላ ቆይቶ ሊጨርስ ሲል መብራት ጠፋ፤ ባትሪው የደከመው ላፕቶፕም አብሮ ጠፋ። ማዕረግ ደስ አለው ማለት ይቻላል፤ የሚያማርረው አገኘ።

የሴሚናሩ ቀን ሲደርስ ግን ዘዴ ዘየደ። መውጫው ላይ ትልቅ ማጣሪያ ገጠመበት፤ የተቆራረጠው መስመር በአንዴ እንደ ጊምቦ ኮረብታ ለስላሳ ሆነ። እንግዶቹ አጨበጨቡ። ማዕረግም ክራቫቱን አስተካክሎ ስለ አገር ልማት መናገር ጀመረ።

ፀዲ እጇን አወጣች። "ከማጣሪያው በፊት ያለውን ብታሳየን?"

"ጊዜ የለንም።"

"አሳያት እንጂ ማዕረግ! ጊዜውን እኔ እሰጥሃለሁ" አሉ ጋሽ ሣህሌ።

አሳየ። ከዞን የመጡት አንድ ሽማግሌ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ቆጠሩ። "አምስት አልነበረም እንዴ የተባልነው?"

"ሶፍትዌሩ ላይ ችግር አለ፣ አባቴ።"

ፀዲ ተነሥታ ወደ ላፕቶፑ ቀረበች። ኢንቨርተሩ ሁለት ተመሳሳይ ክፍሎች አሉት። አንዱን ከፈተች፤ ሌላውን ከፈተች። "ሁለቱም እኩል ነው የሚነሡት" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "አንደኛውን ገልብጠህ ስትለጥፈው የመነሻ ጊዜውን አልቀየርክም። ሁለተኛው ትንሽ መዘግየት ነበረበት፤ አብረው ሲዘሉ ደረጃው ተዋጠ።" ቁጥሩን ቀይራ አስነሣችው። አምስቱም እርከኖች ተደርድረው ወጡ።

አሁን የተጨበጨበው ከፊተኛው ይበልጣል፤ የተጨበጨበው ግን ለፀዲ ነው።

"ሲገለበጥ ሶፍትዌሩ ራሱ መቀየር ነበረበት!" አለ ማዕረግ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሽማግሌው እንባቸውን ጠረጉ፤ ጋሽ ሣህሌ እንኳ በወረቀት ፊታቸውን ሸፈኑ። ማዕረግ ጆሮው እስኪግል ቀላ። ዞር ዞር ብሎ አየ፤ የሚያላክክበት ሰው ግን አልቀረም።

በነጋታው ከግቢው በር ፊት ለፊት ካለው ሻይ ቤት ፀዲን ጋበዛት። ይቅርታ ሊጠይቅ ነው ብላ ሄደች። ሻዩን ደጋግሞ አማሰለው፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

"እኔ እኮ ላገኘው ትንሽ ነበር የቀረኝ" አለ በመጨረሻ። "ቀደምሽኝ እንጂ።"

ፀዲ ቦርሳዋን አነሣች።

"እሺ፣ ዶክተር" አለችው።

ማዕረግ ዶክትሬቱን ገና አልጀመረም። አላረማትም።