የአባባ ቱፋ ካፖርት

ልጅ ሳለሁ እኛ ሰፈር፣ ከአዳማ ወረድ ብሎ አዋሽ ዳር፣ ቢምቢው ከመብዛቱ የተነሳ ሰው ማታ ማታ የሚያወራው አፉን በመዳፉ ከልሎ ነበር። አፋቸውን የማይከልሉት አባባ ቱፋ ብቻ ነበሩ። በራፋቸው ላይ ኩበት ይጨሳል፣ ፋኖሱ ሚስማር ላይ ይንጠለጠላል፣ እኛ ውሪዎች ዓይናችን እያለቀሰ ፍሙን ከበን እንቀመጣለን። ያኔ አዋሽ ውስጥ ያሉት አዞዎች እንኳ ጆሯቸውን ወደ እኛ አዙረው ያዳምጡ ነበር ብል ብዙም አልዋሸሁ።

አባባ ቱፋ የአርሲ አዳኝ ልጅ ናቸው። ከአባታቸው ጋር ጫካ ለጫካ ሲያድኑ አድገው፣ ጦርነት ሲመጣ አለቆቻቸው ዓይናቸውን አይተው አነጣጥሮ ተኳሽ አደረጓቸው። ምን ዓይነት ዓይን ነው ብትሉኝ፣ አዳማ ተቀምጠው ሻሸመኔ ገበያ የቆመ ፍየል ወንድ ይሁን ሴት ይለያሉ።

ከሁሉ የምንወደው የምንጩን ወሬ ነበር። «ድንጋይ ሥር ተኝቻለሁ» ይላሉ። «አንድ ጠላት መጣ። ካፖርቱን አውልቆ ወረወረና ጎንበስ ብሎ በእፍኙ መጠጣት ጀመረ። ጣቴ ቃታው ላይ ነው። ግን ውሃ የሚጠጣ አይተኮስም፤ የእኛ የአዳኞች ሕግ ነው። እስኪጨርስ ልጠብቀው አልኩ። እሱ ደግሞ ጠጣ፣ ጠጣ፣ እንደ ግመል ጠጣ! ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ካፖርቱን ጥሎ እግሬ አውጪኝ!»

«ከዚያስ አባባ?»

«ከዚያማ ሳቄ መጣ። እየሳቁ ማነጣጠር አይቻልም።»

ካፖርቱ ግድግዳቸው ላይ ተሰቅሎ ነበር። ግዳዬ ነው ይላሉ፤ ግዳይ ደግሞ አይታጠብም።

አንድ ምሽት ከሞጆ ጭነት የሚያመላልሰው ሹፌር ከድር ጭሱ ዳር ቆሞ ሰማና፣ «አባባ፣ ሌላው ተኳሽ የገደለውን ያወራል፣ እርስዎ ያስመለጡትን! ይቺን ካፖርት ከሰልባጅ ተራ ነው የገዟት» አለ። ሰዉ ሳቀ። አባባ ቱፋ ፋኖሱን አንስተው ገቡ። ከዚያ ወዲያ ማታ ማታ በራፋቸው ጨለማ ሆነ። ያለ ወሬ የቀረነው እኛ ከቢምቢው ጋር ተፋጠጥን።

በዚያው ሰሞን ከርከሮ የእትዬ ዘነበችን ስኳር ድንች ያርስባቸው ጀመር። ባል የሌላቸው ሴት ናቸው፤ የልጆቻቸው ጉሮሮ ያ ማሳ ነው። «አባባ፣ ይድረሱልኝ» ብለው ለመኑ። ሚሊሻው ጠመንጃውን አዋሰ። ከድርም፣ «እስቲ እናያለን» ብሎ ተከተለ።

ገና ጎህ ሲቀድ ሰፈሩ በሙሉ ቦዩ ዳር በሆዱ ተኛ። አባባ ቱፋ ካፖርቱን ደርበው፣ አፈር ቆንጥረው በትነው ነፋሱን አዩ። ከርከሮው ግልገሎቹን አስከትሎ መጣ፤ በሬ ያክላል፣ አይ፣ ሁለት በሬ! አንገቱን ደፍቶ ከቦዩ መጠጣት ጀመረ።

«ይተኩሱ እንጂ!» አለ ከድር።

«ጨሊሲ! ዝም በል! እየጠጣ ነው።»

«ይኸው ጨረሰ!»

«ልጆቹ አልጨረሱም።»

እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን ነከሱ። ያኔ ነፋሱ ዞረ። ከጦርነቱ ጀምሮ ውሃ ያልነካው ካፖርት ሽታ በእኛ ላይ አልፎ ወደ ቦዩ ሄደ። ከርከሮው አፍንጫውን ቀና አደረገ፣ ጅራቱን እንደ አንቴና አቆመ፣ ከነቤተሰቡ ፈረጠጠ። መተሃራ ሲደርስም አልቆመም ይባላል፤ የሚባለውም በእኔ ነው።

ከድር አፍንጫውን በሁለት ጣቱ ይዞ ተነሳ። «አባባ፣ አመንኩ። ይሄ የሰልባጅ ሽታ አይደለም።»

እንዴት እንደሳቅን! አባባ ቱፋ ግን አልሳቁም። ግዳያቸውን ከትከሻቸው አወለቁ፣ አንዴ ዳበሱት፣ ማሳው መሀል እንጨት ተክለው አለበሱት። እትዬ ዘነበች በዚያ ዓመት ድንቻቸውን በሰላም አወጡ። የዚያኑ ዕለት ማታ ኩበቱ ጨሰ፤ ከሁሉ ቀድሞ ፍሙ ዳር ቦታ የያዘው ከድር ነበር።

ዛሬ እኔ ለሰፈሩ ልጆች ሳወራው ከርከሮው አራት በሬ አክሏል፣ ሽታው ጂቡቲ ደርሷል። ነገም ያድጋል። ምንጩ ጋ ስደርስ ግን ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ፣ ልጆቹም ትንፋሻቸውን ይውጣሉ። ያንን ሰውዬ ጠጥቶ ሳይረካ ቀና አድርጌው አላውቅም።