የአያቴ መንዙማ፣ ያለ አያቴ

ዛሬ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ የአያቴን ድምፅ ልሰማ ቁጭ ብዬ የድቤ ድምፅ ሰምቼ ተነሣሁ።

አያቴ መንዙማ አውራጅ ሸህ ነበሩ። በጃንሆይ ጊዜ ከደብረ ታቦር የመጣ ነጋዴ በቴፕ ቀድቷቸዋል፤ የቀረችን እሷ ብቻ ናት። የሚያጫውታት ማሽን ስንቱን ደጅ ጠንቼ ዛሬ ተገኘ።

ጭብጨባው አለ። ተቀባዮቹ አሉ። ድቤውማ፣ ዕድሜ ይስጠውና፣ ጆሮ ያደነቁራል! የአያቴ ተራ ሲደርስ ግን ከሩቅ ጉምጉምታ ብቻ ነው፤ አንድ ቃል አይለይም።

ከተቀባዮቹ በሕይወት ያሉት አባባ ሰይድ ብቻ ናቸው። አብረውኝ እየሰሙ ነበርና «ምነው እንዲህ ሆነ?» አልኳቸው።

«ሸሁ ፊት ብረት መደቀን ነውር ነው ብለን መቅረጫውን ከድቤው አጠገብ አስቀመጥነዋ!»

«ታዲያ አያቴ ምን ነበር የሚሉት?»

የገዛ የወጣትነት ድምፃቸውን እየሰሙ አንገታቸውን ደፉ።

«እኛማ መቀበሉን ነው የምናውቀው፣ ልጄ። ማውረዱ የእሳቸው ነበር።»

እስቴ፣ ስማዳ፣ ጋይንት ያላችሁ፣ እናንተ ቤትስ እንዲህ የቀረ ድምፅ አለ? ከአያቴ ስንኝ አንድ እንኳ የሚያስታውስ ካለ ይጻፍልኝ። ያለ አይመስለኝም።

ሁላችንም መቀበሉን እናውቅበታለን፤ የሚያወርድ ነው የሌለን።