ጋሽ ጠርጥር መኪናው ሲቆለፍበት

እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነው፤ ሰፈሩ ግን ጋሽ ጠርጥር ይለዋል። ሥራው ቁልፍ ነው። ይቀርጻል፣ ይጠግናል፤ መኪናቸው ተቆልፎባቸው መንገድ ላይ ለቀሩ ሰዎች ደግሞ ያሉበት ድረስ ሄዶ ይከፍታል። የማንንም በር መክፈት የሚችል ሰው ሌባ ሲፈራ ማየት ግራ ያጋባል፤ እሱ ግን «እኔ በዚህ ቅለት ከከፈትኩት ሌላውስ?» ይላል። ጎረቤት ሲስቅለት ለምን ሳቀ ብሎ ይጨነቃል፤ ሳይስቅለት ሲቀር ደግሞ ምን አስቦ ነው ይላል። ቤቱ በር ላይ የደረደራቸው ቁልፎች ብዛት የራሱን ቤተሰብ አማርሯል። ባለቤቱ ድስት ጥዳ ለአፍታ ጎረቤት ብቅ ካለች፣ በሩን ሁሉ ከፍታ እስክትመለስ ድስቱ ከስሎ ይጠብቃታል።

ይህ ጥርጣሬው ለሥራው በጅቶታል ማለት ይቻላል። መኪናው የተቆለፈበት ሰው ሲደውልለት ከመነሳቱ በፊት በአንድ ትንፋሽ የሚያወርዳት ምክር አለችው። «ሰው ወዳለበት ሱቅ ግቢና እዚያ ጠብቂኝ። ሽቦ ይዞ ልርዳሽ ላለሽ ሁሉ አመስግነሽ መልሺው፤ መኪናሽን አታስነኪ። ውስጥ ሕፃን ወይም የታመመ ሰው ካለ ግን እኔን አትጠብቂ፣ አሁኑኑ ለድንገተኛ አደጋ ደውዪ። የምመጣው በሰማያዊ መኪና ነው፤ በሩ ላይ የቁልፍ ሥዕል አለ። ስደርስ መታወቂያ ጠይቂኝ፤ ካላሳየሁሽ ማንም ልሁን ማን አባርሪኝ።»

በዚህ አያበቃም። ደርሶም በሩን ከመንካቱ በፊት እሱ በተራው ይጠይቃል፤ «ዳሽቦርዱ ላይ ያለው መሳቢያ ውስጥ ምን አለ?» ብሎ። በሩ ሲከፈት ባለቤት ነኝ ባዩን ውጭ ያቆምና ራሱ መሳቢያውን ይፈትሻል። መልሱ ከገጠመ ይሰናበታል፤ ካልገጠመ መልሶ ይቆልፋል። አንዴ አንድ ክራባት ያሰረ ሰውዬ «ምንም የለበትም» ብሎት ውስጡ ሊፕስቲክ ተገኘ። ሰውዬው የመኪናው ባለቤት መሆኑ ከመኪናው ሰነድ ወዲያው ተረጋገጠ፤ አጠገቡ ቆማ የነበረችው ሚስቱ ግን የሊፕስቲኩን ባለቤት ልታጣራ ገና መጀመሯ ነበር። ጋሽ ጠርጥር መሣሪያውን ሰብስቦ በጎን በኩል ሾለከ።

እንዲህ የሰውን መሳቢያ ሲበረብር የኖረው ሰው በቅርቡ የራሱ መሳቢያ ምሥጢር ያዘ። ዓይኑ ደከመ። መጀመሪያ ጥፋቱን አምፖሉ ላይ አላከከ፤ ቀጥሎ ቁልፍ ፋብሪካዎችን «ቀዳዳውን አጠበቡት» ብሎ አማ። በመጨረሻ ማንም ከማያውቀው ሰፈር ሄዶ መነጽር ገዛና መኪናው መሳቢያ ውስጥ ደበቃት። የደበቃትም ያለ ምክንያት አይደለም። ሙያውን ያስተማራት፣ አሁን አብራው የምትሠራ ሴት ልጅ አለችው። «አባዬ፣ የመንገዱን ሥራ መቼ ነው ለኔ የምትለቀው?» ብላ በነዘነዘችው ቁጥር እናቷ ባለችበት አፉን ሞልቶ «ዓይኔ የቁልፍ ቀዳዳ መለየት ያቃተው ቀን» ይላታል። ያ ቀን መጥቶ አልፏል። መነጽሯ ከታየች የሱ ነገር አበቃ፤ ቀሪ ዘመኑ ሱቅ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጦ የቁልፍ መቅረጫ ማሽን ሲያስጮህ መዋል ነው።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ አንዲት የአጸደ ሕፃናት መምህርት ደወለች። ቁልፏም ስልኳም መኪናዋ ውስጥ ቀርተው መድኃኒት ቤት ገብታ በፋርማሲስቷ ስልክ ነው የምትናገረው። ጋሽ ጠርጥር ምክሩን አወረደላትና ተነሳ። ቦታው ሲደርስ ሰማያዊ መኪናውን ከእሷ ነጭ መኪና ጎን አቆማት። ሰው ሳያየው መነጽሯን አወጣ፤ በመስኮቱ አሻግሮ የነጯ መኪና የበር መቆለፊያ በየት በኩል እንዳለ አጥንቶ በቃሉ ያዘ። ይህ አዲሱ ብልሃቱ ነው፤ በመነጽር ያጠናል፣ ያለ መነጽር በዳሰሳ ይከፍታል፤ ሰው ደግሞ «እንዴት ያለ ባለሙያ ነው፣ ሳያይ ይከፍታል» ብሎ ያደንቅለታል።

በዚህ መሃል መምህርቷ ከመድኃኒት ቤቱ ስትወጣ አያት። እጅ ከፍንጅ እንደተያዘ ሰው ደነገጠ፤ መነጽሯን መሳቢያው ውስጥ ወርውሮ ዘጋና ባዶ እጁን ወረደ። ለዓይን ጥቅሻ ያህል እንኳ መኪናውን ሳይቆልፍ አይተውምና፣ እንደ ልማዱ የበሩን መቆለፊያ ወደ ታች ተጭኖ በሩን ድርግም አደረገው። ቁልፉ ሞተር ማስነሻው ላይ ነው። ሬዲዮኑ ውስጥ ብቻውን ያወራል።

መምህርቷ እጇን አጣምራ ጥቂት ራቅ ብላ ቆመች። «ቁልፍ ከፋቹ እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ እህቴ።»

«እንግዲያው መታወቂያዎን ያሳዩኝ።»

ጋሽ ጠርጥር ደረቱን ዳበሰ። መታወቂያው ኮቱ ውስጥ ነው፤ ኮቱ ወንበሩ ላይ ነው። «መኪናው ውስጥ ነው» አላት።

«ይክፈቱታ።»

«ተቆልፎብኛል።»

አፉ ዙሪያ ቸኮሌት ተለቅልቆበት «አልበላሁም» የሚል ልጅ የምታይበት ዓይን አላት፤ በዚያ ዓይን አየችው። «መሣሪያዎስ?»

«እሱም ውስጥ ነው።»

«እንግዲህ አባቴ፣ እኔ የጠራሁት በሰማያዊ መኪና የሚመጣ ባለሙያ ነው። መኪናዋን አይቻታለሁ። ባለሙያውን ግን ገና አላየሁም።»

«በስልክ ያናገርኩሽ እኮ እኔ ነኝ። ድምፄን አትለይውም?»

«በስልክ ያናገሩኝ ሰውዬ ማንንም እንዳላምን ነው የነገሩኝ። እሳቸውን አምኛቸዋለሁ።»

ጋሽ ጠርጥር ዕድሜ ልኩን የሚመክራቸው ሰዎች በአንድ ጆሯቸው ሰምተው በሌላው ሲያፈሱበት ኖረው፣ ቃል በቃል የምትሰማ ሴት ዛሬ አገኘ። ከመንገዱ ማዶ ጎማ የሚጠግነው ጎሚስታ ደግሞ ሁኔታውን አይቶ ሽቦ እያቃና መጣ። «ጋሼ፣ ለሁለታችሁም እኔ እከፍትላችኋለሁ፤ ምን ችግር አለ?»

«ያቺን ሽቦ ወደዚህ እንዳታስጠጋት» አለ ጋሽ ጠርጥር፤ ልቡ ግን ሽቦዋን ተመኘ። ችግሩ፣ ሽቦዋን ቢይዝስ የራሱን መቆለፊያ በምኑ ያየዋል? መነጽሯ እንደሆነች ከውስጥ ናት። መምህርቷም ሁለቱን ተራ በተራ አየቻቸውና «ሁለታችሁም ከመኪናዬ ራቅ በሉ። እጅ ወደ ኋላ» አለች። ጎሚስታውም ጋሽ ጠርጥርም ሳያስቡት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣመሩ።

ጋሽ ጠርጥር እጁን አስፈቅዶ ስልኩን ከሱሪ ኪሱ አወጣና ለልጁ ደወለ።

«ልጄ፣ ሁለተኛዋን የመሣሪያ ቦርሳ ይዘሽ ብቅ በይ እስቲ።»

«ያንተዋስ?»

«መኪና ውስጥ ናት።»

«አውጣታ አባዬ።» እሱ የውሸት ሳል ሳለ። «ተቆልፎብህ ነው?» ስልኩን በእጇ ብትሸፍነውም ሳቋ በጣቶቿ መሃል እየሾለከ ደረሰው። ጉሮሮዋን ጠርጋ ተመለሰች። «ታዲያ መሣሪያ ምን ያደርጋል? ትርፏን ቁልፍ ላምጣልህ። የት ናት?»

እዚህ ላይ ነገሩ ከፋ። ጋሽ ጠርጥር ለደንበኛ ሁሉ «ትርፍ ቁልፋችሁን ለምታምኑት ሰው ስጡ» ይላል። እሱ ግን የሚያምነው ሰው ሲያፈላልግ ማንንም አላገኘም፤ ሚስቱን እንኳ «ትጥላት ይሆናል» ብሎ አለፋት። ስለዚህ ትርፏ የት ይሻላል ቢል ከዋናዋ ጋር አንድ ቀለበት ላይ አሰራት። አሁን ሁለቱ አብረው ከመስታወቱ ማዶ ተንጠልጥለዋል።

«ከዋናዋ ጋር ናት» አለ ቀስ ብሎ።

ልጁ በዚህ አልሳቀችም፤ ከሳቅ በላይ ሆኖባት ነው። «መጣሁ» አለችና ዘጋች።

ሁለተኛዋን የመሣሪያ ቦርሳ ይዛ በታክሲ ደረሰች። ቢጫ ሰደርያዋ ላይ የቁልፍ ሥዕል አለ፤ መታወቂያዋ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። መምህርቷ መታወቂያውን ከፊቷ ጋር አስተያየች፣ ለፋርማሲስቷም አሳየች፤ ከዚያ «አሁን ገና ባለሙያ መጣ» አለች። ልጁ መሳቢያው ውስጥ ምን እንዳለ ጠየቀች፤ መምህርቷም «ከለሮች፣ ከተማሪ የቀማሁት ፊሽካና አንድ እግር የሕፃን ጫማ» አለች። ልጁ የበሩን ጠርዝ በሽብልቅ ለቀቅ አድርጋ በአየር የምትነፋ ትንሽ ከረጢት አስገባች፤ በክፍተቱ ጫፉ የታጠፈ ዘንግ ሰድዳ መቆለፊያውን ሳበችው። ቀለሙ አልተጫረም። ከለሩም ፊሽካውም ጫማውም እዚያው ነበሩ።

ከዚያ ወደ ሰማያዊዋ መኪና ዞረች። ሽብልቋን አዘጋጅታ አባቷን አየችው።

«አባዬ፣ መሳቢያው ውስጥ ምን አለ?»

«አባትሽ ነኝ እኮ። ምን ቀልድ ነው?»

«ደንቡን ያወጣኸው አንተ ነህ።»

«ለሁሉም እኩል መሆን አለበት» አለች መምህርቷ። መኪናዋ ተከፍቶላት መሄድ ስትችል አልሄደችም፤ እንዲህ ያለ ነገር ጥሎ የሚሄድ ማን አለ? ጎሚስታውም ሽቦውን ተደግፎ ቆሟል።

ጋሽ ጠርጥር ቢዋሽ ልጁ ትፈትሻለች፤ መፈተሽን ያስተማራት እሱ ነው። እንቢ ቢል መኪናው አይከፈትም። «የእጅ ባትሪ» አለ። «መጥረጊያ ጨርቅ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ዕቃ።»

«ምን ዕቃ?»

መሬት መሬቱን አየ። መምህርቷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ይናገሩ፤ እዚህ ማንም አይቆጣዎትም» አለችው። ያቺ ቃል አንጀቱን በላችው።

«መነጽር» አለ።

«የማን?»

«የኔ።»

ልጁ በሩን ከፈተች፣ መሳቢያውን ከፈተች፤ ባትሪውን አየች፣ ጨርቁን አየች፣ መነጽሯን አወጣች። በሰደርያዋ ጫፍ ጠርጋ ዘረጋችለት። እሱ ይስቁብኛል ብሎ ነበር፤ የሳቀ የለም፤ ይሄ ደግሞ ባሰበት። መምህርቷ «ጎበዝ» ብላው መኪናዋን አስነስታ ሄደች፤ ጎሚስታውም ወደ ጎማው ተመለሰ።

«ቃሌን አልረሳሁም» አለ ጋሽ ጠርጥር። «ከዛሬ ጀምሮ መንገዱ ያንቺ ነው። ፈርቼ ነው የደበቅኋት። ያቺን ወንበር ፈርቼ ነው።» መልሷን ሳይጠብቅ ወደ ጋቢናው ገብቶ በተሳፋሪ በኩል ተቀመጠ። በዚያች መኪና በዚያ በኩል ተቀምጦ አያውቅም።

ልጁ መሪውን እንደያዘች ስልኩ ጮኸ። ሌላ ሴት መኪናዋ ተቆልፎባታል። ጋሽ ጠርጥር ከልማድ ምክሩን ሊያወርድ አፉን ከፈተና ትዝ ሲለው ስልኩን ሳይወድ በግድ ለእሷ ዘረጋው። አነሳችው።

«አይዞሽ እናቴ» አለች በመጀመሪያ። ያን ሁሉ ዘመን ስልክ ሲያነሳ ለሰው «አይዞሽ» ብሎ እንደማያውቅ ያኔ ገባው። እሷ ቀጠለች። «ሰው ያለበት ሱቅ ግቢ፣ መኪናሽን ማንም እንዳይነካው። የምንመጣው በሰማያዊ መኪና ነው። ሁለት ነን። እኔ ቢጫ ሰደርያ ለብሻለሁ፤ ሌላው ባለሙያ መነጽር ያደረጉ ትልቅ ሰው ናቸው። መነጽር ካላደረጉ እሳቸው አይደሉምና መኪናሽን እንዳታስነኪ።»

ጋሽ ጠርጥር መነጽሯን ወደ መሳቢያው ሊመልስ እጁን ሰድዶ ነበር፤ እጁ እዚያው ቀረ።

«ሁለት ነን ነው ያልሻት?»

«ለመቁጠርም መነጽር ያስፈልግሃል እንዴ?» አለችና ሞተሩን አስነሳች።

መነጽሯን አደረጋት። የመንገዱን ማዶ ታርጋዎች እያነበበ ሄደ።