የአሜሪካኗ ምትክ

ባለፈው ሳምንት ከአዲሱ ገበያ በተሳፈርኩበት ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ እናት ከቦርሳቸው ሎሚ አውጥተው ልጣጩን በጥፍራቸው ፋቅ ፋቅ አደረጉና አፍንጫቸው ሥር ያዙት። ታክሲው ቤንዚን ቤንዚን ይሸት ነበር። ሎሚና ቤንዚን አንድ ላይ ሲሸቱኝ እኔ እኔ አይደለሁም። «ወራጅ አለ» ማለቱን ረስቼ ከቤቴ ብዙ አልፌ ወረድኩ።

ያ የአባቴ መኪና ሽታ ነው። እኔ ሳልወለድ የገዛት፣ ረጅም ሰማያዊ አሜሪካን ሠራሽ የቤት መኪና ነበረችው፤ የሰፈራችን የቁስቋም ሰው ሁሉ «አሜሪካኗ» ይላታል። የፊት ወንበሯ እንዳሁኖቹ ለሁለት የተከፈለ አልነበረም፤ ከበር እስከ በር አንድ ወጥ ነው፣ የሳሎን ሶፋ በለው። ማርሿም ከመሪው ጎን ስለነበረ መሃሉ ባዶ ነበር። በሕፃንነቴ እዚያ መሃል ነበር የምቀመጠው፤ ፀሐይ የመታው ቆዳ ጭኔን ያቃጥለኝ ነበር። ሳድግ ወደ ኋላ ተባረርኩና እናቴ ወደ አባቴ ጠጋ አለች።

እናቴን መኪና ያጥወለውላታል፤ ዳገት ደግሞ ነፍሷን እስክትስት ትፈራለች። ግን በወር በወሩ የማርያም ዕለት እንጦጦ ማርያምን ሳትሳለም መዋል አይሆንላትም። ጉልበቷ ከታመመ ወዲህ በእግሯ መውጣት ስላቃታት አባቴ ነበር ይዟት የሚወጣው። ዳገቱ ሲጀምር ዓይኗን ጨፍና፣ በአንድ እጇ ሎሚዋን፣ በሌላው የአባቴን የኮት እጅጌ ትጨብጣለች። እስኪደርሱ አትለቀውም።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩ ዓመት ግን አሜሪካኗ እምቢ አለች። የዳገቱ ወገብ ላይ ስትደርስ ውሃዋ ይፈላና ከኮፈኑ ሥር እንፋሎቱ ይንቦለቦላል። ሁለት ወር በተከታታይ እናቴ ቤተ ክርስቲያኑን ሳታይ ከመንገድ ተመለሰች። በሁለተኛው ጊዜ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። አባቴ አጠገቧ ቆሞ ኮፍያውን ሲያዞር ቆየና «በቃ፣ ትቀየራለች» አለ።

የፈተና ውጤት እየጠበቅኩ ስለነበር፣ ስልክ ላይ ማስታወቂያ መፈለግና ደላላ ማነጋገር የእኔ ሥራ ሆነ። ግራ የገባኝም ያኔ ነው። መኪና እንደ ጫማ ሲያረጅ የሚረክስ ይመስለኝ ነበር። በዕድሜ እኔን የሚበልጡ መኪኖች በየሳምንቱ ዋጋ ሲጨምሩ ሳይ የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። ሰኞ የተነገረን ዋጋ ሐሙስ አይገኝም። «እሱማ የሰኞ ዋጋ ነው ጋሼ!» ይለው ነበር ደላላው አባቴን፣ ጥፋቱ የእኛ የሆነ ይመስል። ደግሞ ሁሉም መኪና «ሴት የያዘችው» ነበር፤ ከቤት ቤተ ክርስቲያን ብቻ የሄደች። ይህን ሁሉ መኪና የያዙት ሴቶች የት እንዳሉ እስከ ዛሬ አላውቅም።

በመጨረሻ አዲሱ ገበያ ጨርቅ የሚሸጡ አንድ ሐጂ ነጭ ትንሽ መኪናቸውን ሊሸጡ እንደሆነ ሰማንና ሄድን። ሱቃቸው አዲስ አቡጀዲ ይሸታል። ዋጋውን ነገሩን። ውድ አልነበረም፣ ርካሽም አልነበረም፤ ተገቢ ዋጋ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞን አያውቅም።

«ምን ሆና ነው ሐጂ?» አለ አባቴ።

«ምን ትሆናለች? ዋጋዋ ነው።»

«ተጋጭታ ነበር?»

«ወላሂ ተነክታ አታውቅም። ልጄ ሌላ ገዛልኝና ቆመችብኝ።»

አባቴ የአሜሪካኗን መካኒክ አስጠራ። መካኒኩ ከሥሯ ገብቶ ወጣና እጁን እየጠረገ «ዓይንህን ሳታሽ ግዛት» አለው። አባቴ የባሰውን ተጨነቀ። ሐጂ ሳቁና ቁልፉን ዘረጉለት። «ዳገት ላይ ሞክራት፣ ወንድሜ» አሉት።

ዕለቱ የማርያም ዕለት ነበር፤ እናቴን ከቤት ጫንናት። ነጠላዋን አስተካክላ፣ ሎሚዋን ይዛ ከአባቴ ጎን፣ ለብቻው በተከፈለው ወንበር ተቀመጠች፤ እኔ ከኋላ። የባሕር ዛፉ ሽታ በመስኮቱ ይገባል። መኪናዋ ዳገቱን ስትወጣ ሜዳ ላይ ያለች ነው የምትመስለው። እኔ በልቤ ገዝተናት ጨርሻለሁ። አሜሪካኗ የምትፈላበት መታጠፊያ ላይ ስንደርስ እናቴ እንደ ልማዷ ዓይኗን ጨፍና እጇን ወደ አባቴ ሰደደች፤ መሃል ላይ ያገኘችውንም ጨብጣ ባለ በሌለ ኃይሏ ሳበችው።

የእጅ ፍሬኑ ነበር። መኪናዋ ሲጥ ብላ ቆመች፤ ሎሚው ወደቀ፤ የእኔ ግንባር ከፊት ወንበር ጋር ተጋጨ። ከኋላችን የነበረው ሾፌር ጡሩንባውን ያንባርቀዋል።

«ምንድነው የያዝኩት?» አለች እናቴ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።

«ፍሬን።»

«አንተስ የት ሄድክ?»

«እዚሁ ነኝ» አለ አባቴ።

እኔ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። እነሱ አልሳቁም። ከዚያ በኋላ እናቴ እስክንደርስ ድረስ ሁለት እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ተቀመጠች። ማርያምን ተሳለመች፤ ስንመለስም እንደዚያው ነበረች። አባቴ ቀጥታ ወደ ሱቁ ነዳና ቁልፉን መለሰ።

«ይቅርታ ሐጂ፣ ዋጋው አልገባኝም።»

«ታዲያ ልጨምርልህ?» አሉ ሐጂ፤ የምራቸውን ነበር።

በጣም ተናደድኩ። ያለ አንድ እንከን የተገኘች መኪና፣ ያውም በዋጋዋ! እናቴን «ምነው ዝም አልሽው?» ብላት «እሱ ያውቃል» ብላ ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች። በሚቀጥለው ወር አባቴ ጀሪካን ውሃ አሜሪካኗ ላይ ጭኖ ከእናቴ ጋር በጠዋት ተነሱ። ትንሽ ይሄዳሉ፣ ይቆማሉ፣ እስክትበርድ ጠብቀው ውሃ ይጨምሩላታል፣ እንደገና ይሄዳሉ። ሲደርሱ ቅዳሴው አልቆ ነበር። እናቴ ግን ደጁን ስማ፣ እጅጌውን ይዛ ተመለሰች። ዓመታት እንዲህ አለፉ።

እናቴ ካረፈች፣ አርባዋም ከወጣ በኋላ አባቴ ደላላውን ጠርቶ «ያለህን አምጣ» አለው። መጀመሪያ ያመጣለትን መኪና ገዛ። አልተከራከረም፣ መካኒክ አልጠራም፣ ኮፈኗን እንኳ አላስከፈተም።

«አባዬ፣ ተበላህ እኮ!» አልኩት።

«መኪና አይደለች? ትሄዳለች» አለኝ።

ሐጂ ጋ ያልገባው ዋጋ ምን እንደነበረ ጠይቄው አላውቅም። የገባኝ ይመስለኝና ደግሞ እንደገና ግራ ይገባኛል። የማርያም ዕለት ሲሆን አሁንም አብረን እንወጣለን፤ እኔ እናቴ በነበረችበት በኩል እቀመጣለሁ። ያን ኮት ዛሬም ይለብሰዋል፤ ቀኝ እጅጌው ክርኑ አጠገብ ተጨማዶ ቀርቷል፣ ብተኩሰውም አይለቅም። ባለፈው ወር መታጠፊያው ላይ ስንደርስ እጄን ሰድጄ እዚያ የተጨማደደው ላይ ያዝኩት። ዳገት ፈርቼ አልነበረም። አባቴ መታጠፊያውን ቀስ ብሎ ዞረ።

«ፍሬኑን እንዳትነኪ» አለኝ በኋላ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ።