የማርታ ጸሎት

ኑ ልጆቼ፣ ቀረብ በሉ፣ እንዳልጮህባችሁ ነው። ጊዜው ቡና የሚለቀምበት ነበር። የልጅነት ጓደኛዬ ማርታ ከቤተ ክርስቲያን ከቀረች ወር አለፋት። ልጇ ቴፒ ስለሚሠራ፣ እዚህ ሚዛን የምትኖረው ከምራቷ ጋር ነው። ልጠይቃት በሄድኩ ቁጥር ምራቷ በሩ ላይ ቆማ «ተኝታለች እማማ» ትለኛለች። ለአራተኛ ጊዜ ስሄድ «ጸልዬላት ልሂድ» ብዬ ገባሁ። ጸሎት ማን ይከለክላል?

ማርታ እስከ አንገቷ ተሸፍና ተኝታለች። ፊቷ አልቋል። ምራቷ ከአጠገባችን ንቅንቅ አልል አለች።

«እንዴት ነሽ እህቴ?» አልኳት።

«ተመስገን፣ ምራቴ ትንከባከበኛለች» አለችና ዓይኗን ጨፍና መጸለይ ጀመረች። የጸለየችው ምራቷ በማታውቀው በቤንችኛችን ነው።

«ጌታ ሆይ፣ እግሬን ከአልጋው ጋር አስራዋለች። ጌታ ሆይ፣ አልጋ ታረጥቢያለሽ ብላ ውሃ ትከለክለኛለች። ይህቺ እህቴ ጥላኝ አትሂድ።»

ምራቷ በየመሃሉ «አሜን» ትላለች። እኔም ዓይኔን ጨፈንኩ። ድምፄን እንደ ምንም አረጋግቼ በቤንችኛ ቀጠልኩ፦ «ጌታ ሆይ፣ ማርታን አትፍሪ በላት፣ አሁን ብርድ ልብሱን እገልጠዋለሁ።»

«አሜን» አለች ምራቷ፣ ጮክ ብላ።

ገለጥኩት። የማርታ ቁርጭምጭሚት በፍየል ገመድ ከአልጋው እግር ጋር ታስሯል።

«ማን ነገረሽ?» አለችኝ ምራቷ።

«እሷው ናት፣ አንቺም አሜን ስትይ ነበር» አልኳት።

ጎረቤት ጠርቼ ፈታናት። ልጇ ከቴፒ መጥቶ እግሯን ይዞ አለቀሰ። ማርታ አሁን ከእኔ ጋር ናት። ምራቷ እዚያው ቤቷ ናት፣ መንገድ ላይ ስታየኝ ፊቷን ታዞራለች።